«ሲስተም የለም» የማትለው ሴት

እትዬ ሸምሲያ መሞቷን የሰማሁት በሥራ ትእዛዝ ነው። ወልቂጤ፣ ከቤቴ በታች ባለችው ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስልኬን ስከፍት፣ ቡታጅራ ያለው የግል ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ በቴሌግራም እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ሰላም ኤፍሬም፣ የካርድ ክፍሏን ሸምሲያን ከሲስተሙ አውጣልን። ስሟ መልእክቶቹ ላይ እየወጣ ሠራተኛውን ግራ እያጋባ ነው። ዛሬ ቢሆን ጥሩ ነው።» ጡረታ ወጣች ወይ ብዬ ጻፍኩለት። «አይ፣ አርፋለች። ሳምንት አለፋት። አልሰማህም እንዴ?» አለኝ።

አልሰማሁም። ማን ይነግረኛል? እኔ ለዚያ ክሊኒክ ፕሮግራሙን የሠራሁ ሰው ነኝ እንጂ ባልደረባ አይደለሁም፤ ሲበላሽ የምጠራ፣ ሳይበላሽ የምረሳ ሰው ነኝ። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ስልኩን እያየሁ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ክሊኒክ ብዙ ሰው አውቃለሁ። እንደ ሰው ያወራችኝ ግን እሷ ነበረች።

ሥራዬ ለክሊኒክ፣ ለመጋዘን፣ ለትምህርት ቤት የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥራት ነው። እናቴ እስከ ዛሬ «ኮምፒውተር ይጠግናል» ነው የምትለኝ፤ የሰፈር ሰው ደግሞ የተሰበረ ስልኩን ይዞልኝ ይመጣል። ለማስረዳት ድሮ እሞክር ነበር፣ አሁን ደክሞኛል፣ ስልኩን ተቀብዬ አያለሁ። ከሥራው ግማሹ ፕሮግራሙን መጻፍ ነው። ሌላው ግማሽ ፕሮግራሙ ሲቆም ለምን ቆመ ተብሎ መጨቃጨቅ ነው። የማይቆም ፕሮግራም ደግሞ የለም። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ሰው ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ ስም ይጽፋል። ዋናው ነገር፣ በቆመ ጊዜ ምን ይላል? ፊቱ የተቀመጠውን ሰው ምን አድርጎ ይተወዋል? ይሄን ኮሌጅ አላስተማረኝም። ያስተማረችኝ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት።

እትዬ ሸምሲያ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ነበረች። የመነጽሯ አንዱ እጀታ በክር የታሰረ ነው፤ እርሳሷን ሻሿ ውስጥ ነው የምትሰካው። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት የዚያ ክሊኒክ ካርዶች ሁሉ በሷ እጅ ነበሩ፤ መደርደሪያው ፊት ቆማ ሰው ስሙን ሳይጨርስ ካርዱን ትስብለት ነበር ይላሉ። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ላሳያት ቁጭ ብዬ «እርስዎ እዚህ ጋ ይጫናሉ» ስላት፣ ዞር ብላ ኋላዋን አየች።

«ምነው?» አልኳት።

«አንቱ ስትለኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል። አንቺ በለኝ» አለችኝ። አንቺ እንዳልኳት ቀረች።

በዚያው ሳምንት በገበያ ቀን ፕሮግራሙ ቆመ። ወረፋው እስከ በር ሞልቷል፣ ከመስቃን ገጠር የመጣው ሁሉ አለ። ስክሪኑ ላይ በቀይ የተጻፈ ረጅም እንግሊዝኛ ወጣ። እኔን ላብ አጠመቀኝ። አጠገቧ የነበረው ገንዘብ ተቀባይ ወንበሩ ላይ ለጠጥ አለና «ሲስተም የለም!» ብሎ ጮኸ። ይቺን ቃል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ባንክ ሄደህ፣ መብራት ኃይል ሄደህ፣ ቀበሌ ሄደህ «ሲስተም የለም» ከተባልክ አለቀ፣ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ማን እንዳጠፋ አይነገርህም፣ መቼ እንደሚመጣ አይነገርህም።

እትዬ ሸምሲያ ከወንበሯ ተነሳች። ሁልጊዜም እንዲህ ነበረች፤ ማሽኑ ሲቆም እሷ ትቆማለች።

«ማነው የለም ያለው? እኛ አለን አይደል እንዴ?» አለችው ልጁን። ወደ ወረፋው ዞረች። «አብሽሩ። ማሽኑ ቆሟል። እስካሁን የተመዘገባችሁ ስማችሁ አለ፣ አልጠፋም። ያልተመዘገባችሁ ተራችሁን እንደያዛችሁ ቁጭ በሉ፣ በወረቀት እጽፋችኋለሁ። ማንም አይመለስም።»

ሰዉ ቁጭ አለ። ወላሂ እላችኋለሁ፣ እኔ ሙስሊም አይደለሁም፣ ግን ወላሂ ቁጭ አለ። አንድም ሰው አልጮኸም።

በኋላ «የተመዘገቡት አለመጥፋታቸውን በምን አወቅሽ? እኔ ራሴ አላወቅኩም ነበር እኮ» አልኳት። ከጠረጴዛው ሥር የልጅ ደብተር አወጣች። ማሽኑ ላይ ከመጻፏ በፊት እያንዳንዱን ሰው እዚያ ላይ ትጽፈዋለች። «የማላውቀውን አልናገርም። ደብተሬ ላይ አለ፣ ስለዚህ አልጠፋም» አለች።

ደብተሩን ከኋላ ገልብጣም አሳየችኝ። ማሽኑ የቆመበትን ሁሉ መዝግባለች፤ ስንት ሰዓት ላይ ነበር፣ ፊቷ የነበረው ማን ነበር፣ ምን ሲላት ነው የቆመው። ያንን ቀይ እንግሊዝኛ ሳይቀር ፊደል በፊደል ቀድታዋለች። ምን እንደሚል አታውቅም፤ እንደ ጥልፍ እያየች ነው የገለበጠችው። እኔ በስንት ሺህ መስመር ያልሠራሁትን መዝገብ እሷ በእርሳስ ሠርታ አገኘኋት። ስደውልላትም፣ ስትደውልልኝም ወሬዋ አንድ ነበር፤ ማሽኑ ምን አለ ከማለቷ በፊት ማን ፊቷ እንደነበረ ትነግረኛለች። «ማሽኑ ብቻውን አይቆምም፣ የሆነ ሰው ሲመጣበት ነው የሚቆመው» ትላለች።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ።

ሥራ አስኪያጁ ያ ቀይ ጽሑፍ አስጠላው። «ታካሚው እየፈራ ነው፤ ማሽናቸው ብልሹ ነው እያለ ሌላ ክሊኒክ ይሄድብኛል። አጥፋልኝ» አለኝ። አጠፋሁለት። እንዴት ብትሉ፣ ፕሮግራሙ ያቃተው ነገር ሲገጥመው ዝም ብሎ እንዲያልፈው፣ ከዚያም በአረንጓዴ «ተመዝግቧል» እንዲል አደረግኩት። ሁለት መስመር ነው፤ ሻይ ሳይፈላ ያልቃል። ትክክለኛው ሥራ ሌላ ነበር። ሊያቅተው የሚችለውን እያንዳንዱን ነገር ለይቶ መያዝ፣ ለያንዳንዱ በአማርኛ የሚገባ መልእክት መጻፍ፣ የተጻፈውን አለመጣል። የሳምንታት ሥራ ነው። እኔ ደግሞ ሌሎች ሦስት ደንበኞች ይዤ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር፣ «በኋላ አስተካክለዋለሁ» አልኩ። የኛ ሙያ በኋላ አስተካክለዋለሁ በሚሉ ሰዎች የተሞላ ነው።

ክሊኒኩ ጸጥ አለ። ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎት ክትፎ ጋበዘኝ። እትዬ ሸምሲያ ብቻ ደስ አላላትም።

«ዝም አለ» አለችኝ።

«ጥሩ አይደል?»

«ቤትህ ስታለቅስ የነበረች ሕፃን ድንገት ዝም ስትል ተነስተህ አታያትም?»

ሳቅኩ። «አንቺ ደግሞ፣ ሲቆም ታማርሪያለሽ፣ ሲሠራ ታማርሪያለሽ» አልኳት። ደብተሩንም እንድትተው ሥራ አስኪያጁ ነግሯት ነበር፣ ሁለት ጊዜ ሥራ ነው ብሎ። እሺ ብላ፣ ጠረጴዛው ሥር ደብቃ መጻፏን ቀጠለች።

በነዚያ ቀናት ከእንሴኖ ወዲያ ካለ መንደር አንድ ጀማል የሚባል ገበሬ ልጁን ይዞ መጣ። ሐያት ትባላለች፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። አንገቷ ላይ እብጠት ወጥቷል። ሐኪሙ በመርፌ ናሙና ወስዶ አዲስ አበባ ላከና «ውጤቱ ሲመጣ እንደውላለን» ተብለው ተመለሱ። ውጤቱ በሳምንቱ መጣ፤ የእጢ ቲቢ ነው፣ ቶሎ መድኃኒት መጀመር አለባት። ላብራቶሪው ውጤቱን ኮምፒውተር ላይ አስገባ። «ተመዝግቧል» አለው። ለሐያት ግን ማንም አልደወለም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ እትዬ ሸምሲያ ደብተሯን ከላይ ወደ ታች ስታነብ ውጤት የሚጠብቁትን አንድ በአንድ ማሽኑ ላይ ፈለገች። ሐያት የለችም። ካርዷም የለም፣ ውጤቷም የለም። ደወለችልኝና በማግስቱ ከወልቂጤ ሄድኩ። ስንፈልግ ሌሎችም ስድስት ሰዎች ደብተሯ ላይ አሉ፣ ማሽኑ ላይ የሉም። እኔ ኮዱን እያገላበጥኩ ስለፋ እሷ የሰባቱን ሰዎች ስም በእርሳሷ እያሰመረች ቆየችና «ስልካቸው አንድ ነው» አለችኝ።

«እንዴት አንድ ይሆናል?»

«የሱቅ ስልክ ነዋ! የዚያ ሰፈር ሰው ስልክህ ስንት ነው ስትለው የሱቁን ነው የሚሰጥህ።»

ፕሮግራሙን ስሠራ አንድ ስልክ የአንድ ሰው ነው ብዬ ነበር። አንድ ስልክ ሁለተኛ ካርድ ላይ ሲጻፍ ፕሮግራሙ አልቀበልም ይላል፣ ከዚያ እኔ ባዘዝኩት መሠረት ዝም ብሎ ያልፍና «ተመዝግቧል» ይላል። የሐያት ካርድ ያኔውኑ ቀርቷል፤ ካርድ የሌላት ልጅ ውጤቷ የሚቀመጥበት ቦታ አጣ፣ ለሱም «ተመዝግቧል» ተባለ። የሚገርማችሁ፣ እኔ ራሴ ቸሃ ያለችውን አክስቴን የማገኛት በጎረቤቷ ስልክ ነው። ሁልጊዜ። ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ያንን የማላውቅ ሰው ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ወደ ሱቁ ብንደውል ዝግ ነው። እትዬ ሸምሲያ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና «ተነስ» አለችኝ። በሚኒባስ እንሴኖ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ሄድን። ጀማልን ከእንሰቱ ጓሮ አገኘነው። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ቤተሰብ ጠየቀ፣ መንገድ ጠየቀ፣ እኔንም ጠየቀኝ። ከዚያ ልጅቱ ወጣች። እብጠቱ ፈንድቷል። አንገቷን በነጠላ ጫፍ ይዛዋለች።

«ሲመጣ እንደውላለን ብላችሁን ነበር» አለ ጀማል። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። «በየቀኑ ሱቁ ድረስ እየሄድኩ ተደውሎልኛል ወይ እላለሁ። ኋላማ ባለሱቁ ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቅልኛል፣ እመለሳለሁ።»

እትዬ ሸምሲያ ማሽኑ የሐያትን ስም እንዳልያዘው ነገረችው።

«አይቼዋለሁ እኮ» አለ። «ማንበብ አልችልም፣ ግን አረንጓዴ ነው የወጣው። አንቺም አብሽር አልሽኝ።»

«ብዬሃለሁ። ማሽኑ ውሸት ነው የጻፈው፣ እኔም ውሸቱን ተቀብዬ ነገርኩህ። ጥፋቱ የኛ ነው፣ አፉ በለን» አለችው።

ወደ እኔ ዞር አላለችም። ዞር ብትል ይሻለኝ ነበር። ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። የእንሰቱን ቅጠል ሳይ ቆየሁ። ልጅቱን በዚያው ቀን ይዘናት ተመለስን፣ መድኃኒቷን ጀመረች፣ ወራት ወስዳ ዳነች። አንገቷ ላይ ግን ጠባሳ ቀረ። በሒጃቧ ይሸፈናል ትለኝ ነበር እትዬ ሸምሲያ፣ እኔን ለማጽናናት።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንንም ጠራን። «ውጤት ደውሎ የመንገር ኃላፊነት የማነው?» አለ። «የካርድ ክፍል» አለች። ወደ እኔ ዞረ። «ሲስተሙ ላይ ችግር አለ?»

የአገልግሎት ውሌ ሊታደስ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ሲስተሙ ደህና ነው» አልኩ።

እትዬ ሸምሲያ አየችኝ። ደብተሩ ጭኗ ላይ ነው። ሰባቱም ስሞች፣ የሱቁም ስልክ እዚያ ላይ አለ፤ አንዴ ብትከፍተው እኔ አለቀልኝ። አልከፈተችውም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣትና በዚያ ቀስ ባለ እጇ ፈረመች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ የመጀመሪያዋ ነበር።

ኮሪደር ላይ ተከተልኳት። «እትዬ ሸምሲያ…»

«ማሽኑን እውነት እንዲናገር አድርገው» አለችኝ ሳትቆም። «እኔን ተወኝ።»

ከዚያ ሦስት ሳምንት አጠገቧ ተቀምጬ ሠራሁ። አንዱንም ስህተት ዝም ብሎ የሚያልፍ መስመር አላስቀረሁም። መልእክቶቹን ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፣ እሷ ትፈርዳለች። «ስህተት ተከስቷል» ብዬ ሳነብ፣ «ይሄ ለማን ነው? ስህተት እንደተከሰተማ ዓይን አለኝ» አለች። ስለ ስልኩ የጻፍነው እንዲህ ነበር፦ «ይህ ስልክ ሌላ ካርድ ላይም አለ። የአንድ ቤት ወይም የአንድ ሰፈር ሰዎች ከሆኑ ይቀጥሉ።» ሳይመዘገብ ሲቀር ደግሞ፦ «ካርዱ አልተመዘገበም። የጻፉት አልጠፋም፣ ከታች አለ። እንደገና ይሞክሩ።» ይሄኛውን ወደደችው፣ ግን ጣቷን ከስክሪኑ ግርጌ ላይ አሳረፈች።

«ሞክሮ እምቢ ያለውስ? ወዴት ይሂድ? መጨረሻው ላይ ሰው አስቀምጥለት።»

«ማንን?»

«ሠሪው አንተ አይደለህ?»

ስልኬ እሑድ እሑድ ሲጮህ፣ ምሳ ላይ ሲጮህ ታየኝ። ፊቴ ላይ ያነበበችው ይመስለኛል። «እሺ፣ የኔን ስም አድርግ» አለች። «እኔ የትም አልሄድ።»

እውነቴን ነው፣ ቀለለኝ። ከአርባ በላይ መልእክት መጨረሻ ላይ «እምቢ ካለ ካርድ ክፍል እትዬ ሸምሲያን ይጥሩ» ብዬ ጻፍኩ፣ የእጅ ስልኳንም ጨመርኩበት። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር ኮሪደሩ ላይ ስሟ ነው የሚጮኸው። ላብራቶሪው ይጠራታል፣ መድኃኒት ቤቱ ይጠራታል፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ሲጨርስ እንኳ ይጠሯታል። «ኢንጂነር ሸምሲያ» ይሏታል እያሾፉ። እርሳሷን ከሻሿ መዝዛ ትሄዳለች፣ ፊታቸው ያለውን ታካሚ ሰላም ትላለች፣ ከዚያ ማሽኑን ታያለች። አሥር ጊዜ ከተጠራች ለኔ የምትደውለው አንዴ ነው። አንድ ቀን ደውላ፣ «መብራት ሄዶ ነው፣ አንተን አይመለከትም፤ ድምፅህ ከጠፋ ቆየ ብዬ ነው» አለችኝ። ሥራ ላይ ነኝ ብዬ ቶሎ ዘጋሁት።

ስለ ማስጠንቀቂያው አንድም ቀን አላነሳችብኝም። እኔም አላነሳሁም። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ከአረፋ በፊት ነው፤ ማሽኑ ቆሞ ስትነሳ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ነበር የተነሳችው። ደህና ነሽ ወይ አልኳት፣ አልሃምዱሊላህ አለች፣ አለፍኩ።

መልእክቱ በደረሰኝ ቀን ሥራውን ከቤቴ ሆኜ በግማሽ ሰዓት ልጨርሰው እችል ነበር። ቡታጅራ ሄድኩ። መጀመሪያ ለቅሶ ቤት ገባሁ። እህቷ ማን መሆኔን ስትሰማ «የማሽኑ ልጅ አንተ ነህ?» አለችኝ። «ስልክሽን አጥፊና ተኚ ስንላት፣ ማሽኑ ላይ ስሜ አለ ትለን ነበር። ተኝታም ታነሳዋለች።» አላህ ይማራት አልኩና አቀርቅሬ ተቀመጥኩ።

ክሊኒኩ ስደርስ ሥራ አስኪያጁ ቸኩሏል። «በስሟ ቦታ ‹የሚመለከተውን ክፍል ይጠይቁ› ብለህ ተካው በቃ» አለኝ።

«የሐያት ጊዜ» አልኩት፣ «ጥፋቱ የኔ ነበር። ፕሮግራሙ ነው ያልመዘገባት። እያወቅኩ ደህና ነው አልኩህ። እትዬ ሸምሲያም ታውቅ ነበር። ማስጠንቀቂያውን ከፋይሏ አውጣው።»

ሰዓቱን አየ። «እና ዛሬ ምን ይጠቅማታል?»

«ምንም» አልኩት።

ወረቀቱን ያውጣው አያውጣው አላውቅም። ካርድ ክፍል ገብቼ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩና ስሟን ከመልእክቶቹ ውስጥ ፈለግኩ፤ ሁሉም ተደርድረው ወጡ። እምቢ ካለ እትዬ ሸምሲያን ይጥሩ። እምቢ ካለ እትዬ ሸምሲያን ይጥሩ። «የሚመለከተውን» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ፣ እዚያው ላይ እጄ ቆመ። ያቺ ቃል «ሲስተም የለም» ማለት ናት። አጠፋኋትና ስሜን ጻፍኩ፣ ከአጠገቡ የእጅ ስልኬን። በሷ እጅ የተከፈቱት ካርዶች ላይ ያለውን ስሟን ግን አልነካሁትም።

በሳምንቱ ወልቂጤ ምሳ ልበላ እጄን ታጥቤ ስቀመጥ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ኤፍሬም የሚባሉት እርስዎ ነዎት?» አለች፣ የምትጣደፍ ልጅ ናት። «ከክሊኒኩ ነው፣ ካርድ ክፍል፣ አዲስ ነኝ። ካርዱ አልተመዘገበም፣ የጻፉት አልጠፋም፣ እምቢ ካለ ለኤፍሬም ይደውሉ ይላል። እምቢ ብሏል። ወረፋው ብዙ ነው፣ ሲስተም የለም ልበላቸው?»

«አይ፣ እንዲህ አትበያቸው» አልኳት። ምግቡ ደርሶ ነበር፣ ወደ ጎን ገፋሁት። «ተቀምጠሻል?»

«አዎ።»

«መጀመሪያ ተነሺ።» ወንበሯ ሲንቋቋ ሰማሁ። «ቆምሽ?»

«ቆሜያለሁ።»

«ፊትሽ ያለው ማነው?»